ማጂሳይት ሁሉንም አንድ አደረጋቸው? የፋይናል ፋንታሲ 6 ክር

ይህን የኢንተርኔት ፎረም ውይይት፣ ማለትም ክሩን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፋይናል ፋንታሲ 6 እነዚያን የመሰሉ 14 ሰዎች ሰጥቶን ሲያበቃ፣ መሀል ላይ ለምን ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል? ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ጌሙን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ስኩዌር ጃፓን ውስጥ በሱፐር ፋሚኮም ያወጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ነው። ዮሺኖሪ ኪታሴና ሂሮዩኪ ኢቶ አብረው መሩት። ሙዚቃው የኖቡዎ ኡዬማትሱ ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የውጊያ ስልት አለው። ንጉሥ ኤድጋር በሠራቸው መሣሪያዎች ይዋጋል። መንትያ ወንድሙ ሳቢን በባዶ እጁ ነው። ሳያን ሰይፈኛ ነው። ሎክ ይሰርቃል። ጋው የሚባለው የበረሃ ልጅ የአውሬዎችን ጠባይ ይወርሳል። አንዱን አውጥተህ ሌላውን ስታስገባ ውጊያው ራሱ ይቀየራል።

ከዚያ ዞዞ ከተማ ትደርሳለህ። የመጀመሪያዎቹ ማጂሳይቶች የሚገኙት እዚያ ነው። ማጂሳይት ማለት ኤስፐር የሚባለው ፍጡር ሲሞት የሚተወው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ለፈለግከው ሰው ትሰጠዋለህ። በየውጊያው ነጥብ ይጠራቀማል። 100 ሲሞላ አስማቱ የዚያ ሰው ይሆናል። ድንጋዩን ብትወስድበትም አይረሳውም። በዚያ ላይ አንዳንዱ ድንጋይ ሌቭል፣ ማለትም ደረጃ፣ ስትጨምር ጉልበት ወይም የአስማት ኃይል ይጨምርልሃል።

ስሌቱን እዚያው ክር ላይ ሠራሁት። የጌሙ ጀግና ቴራ ስትጀምር የአስማት ኃይሏ 39 ነው። የሳቢን 28 ነው። ልዩነቱ 11 ብቻ። ይህ ቁጥር ደግሞ በሌቭል ብቻ አያድግም፤ የሚያድገው በማጂሳይት ነው። ጂዶር ከተማ ጨረታ ላይ የሚገዛው ዞንሲክ በየሌቭሉ 2 ይጨምራል። 30 ሌቭል ብትይዘው 60 ነጥብ ነው። በትውልዷ ግማሽ ኤስፐር በሆነችው ቴራና በቡጢኛው ሳቢን መካከል የነበረው 11 ነጥብ የት ገባ? ጥያቄዬ ይህ ነበር። ማታ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልሱ ጎርፏል።

ቁጥር 1፣ የመጀመሪያዋ መላሽ፣ በትህትና ጀመረች። ሙሉ በሙሉ ተስማማች። እሷ ጌሙን የጨረሰችው ለሁሉም አልቲማ የሚባለውን ትልቁን አስማት አስተምራ ነው። የመጨረሻው ውጊያ ላይ አንዱ ሲወድቅ ተረኛው ይገባል። ማን እንደገባ እንኳ እያየች አልነበረም። ስሙ ይለያያል እንጂ የምትጫነው ቁልፍ አንድ ነው አለች። እንደ እኔ ተሰምቷት የነበረ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ቁጥር 2 አረመኝ። 14ቱም አይደሉም አለ። ኡማሮና ጎጎ ማጂሳይት አይዙም። በረዶ ላይ የሚኖረው ግዙፉ ኡማሮ ጭራሽ ትእዛዝ አይቀበልም፤ በራሱ ስሜት ነው የሚማታው። ስለዚህ 12 በል አለኝ። ልክ ነው፤ አስተካከልኩት።

ቁጥር 3 ግን ስሌቴን ከሥሩ ነቀነቀው። ሳቢን የአስማት ኃይሉ ሲጨምር ከራሱ ስልት የሚርቅ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል አለ። ሳቢን ብሊትዝ የሚባሉ ምቶች አሉት። ከመካከላቸው ፓምልና ሱፕሌክስ በጉልበት ይሠራሉ። ኦራ ቦልት፣ ፋየር ዳንስ፣ ኤር ብሌድና የመጨረሻው በም ራሽ ግን የሚሰሉት በአስማት ኃይል ነው። ስለዚህ ዞንሲክ ሳቢንን ጠንቋይ አያደርገውም። የበለጠ ሳቢን ነው የሚያደርገው። ያን አንብቤ ጌሙን ከፍቼ ሞከርኩት። እውነቱን ነው። ለዓመታት ሳቢንን የጉልበት ድንጋይ ሳሸክመው ኖሬያለሁ።

ቁጥር 4 ስለ ሳቢን ሲነሳ ትዝታው መጣበት። ጌሙን የተጫወተው በስልክ፣ የድሮ ጌም በሚያስኬድ ፕሮግራም (በኢሙሌተር) ነው። ቫርጋስ የሚባለው ቦስ፣ ማለትም ከባድ ጠላት፣ ላይ ደረሰ። እዚያ ሳቢን ፓምልን ካልተጠቀመ ውጊያው አያልቅም። ትእዛዙ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ከዚያ ማረጋገጫው ነው። ልጁ ግን መጀመሪያ ብሊትዝን ከሜኑ መርጦ ከዚያ አቅጣጫዎቹን መጫን እንዳለበት አልገባውም። አቅጣጫዎቹን ሲጫን ሜኑው ላይ ያለው ጣት ብቻ ነው ወዲህ ወዲያ የሚለው። ሳምንት ሙሉ እዚያው ቆመ። በመጨረሻ ሲሳካለት ሌሊት ነበር። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ስልኩ 2 በመቶ ላይ ነው። ቫርጋስ ወደቀ። ሴቭ ሳያደርግ ስልኩ ጠፋ። በማግስቱ ግን በአንድ ሙከራ አሸነፈው። እጄ ለመደው፣ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ ይላል። ሌላ አስማት ሁሉ ከሜኑ የሚመረጥ ነው፤ ሳቢንን ግን በጣትህ ነው የምትማረው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥር 5 ጌሙ ለስልክ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፒክስል ሪማስተር የሚባለው እትም ለስልክም ወጥቷል ብዬ መለስኩለት። አመስግኖ ሄደ።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ይህ ሁሉ ወሬ ነው አለ። ጌም ቁጥር ነው። ሰዎቹ ዕቃ ናቸው፤ የሚጠቅመውን ትወስዳለህ፣ የማይጠቅመውን ትጥላለህ። ሳያን ኃይሉ እስኪሞላ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጋውን በረሃ ላይ ጥዬው አልተመለስኩም አለ። ቦስ ለመግደል ቫኒሽ የሚለውን አስማት ታደርግበታለህ፤ ይሰወራል። ከዚያ ዱም የሚባለውን የሞት አስማት ትልክበታለህ። አለቀ። ማን ይዋጋል ታዲያ?

ቁጥር 7 ከሌሎቻችን በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ጌሙን የተጫወቱት አሜሪካ ሳሉ፣ በወጣበት ዓመት፣ በካሴት ነው። ያኔ እዚያ የተሸጠው ፋይናል ፋንታሲ 3 ተብሎ ነው። ምክንያቱን አስረዱ። ከዚያ በፊት አሜሪካ የደረሱት 1ኛውና 4ኛው ብቻ ነበሩ። 4ኛው 2 ተብሎ ተሸጠ፤ 6ኛው ደግሞ 3 ሆነ። የጀግናዋም ስም ጃፓን ውስጥ ቲና ነው፤ እንግሊዝኛው ነው ቴራ ያደረጋት። ስለ ካሴቱም ጻፉ። ሴቭ የሚይዘው ውስጡ ባለች አንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። ከዓመታት በኋላ ካሴቱን ከፍተው ሲያዩ ባትሪዋ ሞታ የእሳቸው ቡድን ጠፍቷል። ስንት ሌሊት የለፋሁበት ሳያን ከባትሪዋ ጋር ሄደ አሉ። ለቁጥር 6 ደግሞ በእርጋታ አንድ ነገር ነገሩት። ያ ዘዴ የጌሙ ስልት ሳይሆን የፕሮግራሙ ስህተት ነው። የተሰወረ ጠላት አስማት እንዳይስተው ተደርጎ ተሠራ፤ ከሞት አስማት የሚጠብቀውን ነገር ግን ኮዱ ዘነጋው። በዚያው ካሴት ላይ ሌላም ስህተት አለ። ከምት ማምለጫው ቁጥር ፈጽሞ አይሠራም፤ ለምትም ለአስማትም የሚያገለግለው የአስማት ማምለጫው ነው። ሁለቱም ለጌምቦይ አድቫንስ በወጣው እትም ላይ ተስተካክለዋል።

ቁጥር 8 ጋሼ እግዜር ይስጥልን ብሎ ጀመረና ወዲያው ወደ ቁጥር 6 ዞረ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። በስህተት ተጠቅመህ ጨርሰህ አንተ ምን ልታስተምረን ነው የምትመጣው አለው። ቁጥር 9 ራሱ ቁጥር 6 ነው፤ ተመለሰ። ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁትን ጌም እንዳሻኝ ነው የምጫወተው አለ። አንድ ሁለት የማይደገሙ ቃላት ተለዋወጡ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ገባሁ። ወንድሞቼ፣ እዚህ የተሰበሰብነው ስለምንወደው ነገር ለማውራት ነው ብዬ ጻፍኩ። ለጥቂት ሰዓት ዝም አሉ።

ያን ዝምታ የሰበረችው ቁጥር 10 ናት። የዚህ ክር ምርጡ መልስ የእሷ ነው። ለቁጥር 6 የመለሰችው ያለ ቁጣ ነው። ሳያንን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው ያልከውን እስቲ እንየው አለችው።

የሳያን ስልት እንዲህ ነው። ትመርጠዋለህ፤ ከታች ከ1 እስከ 8 ያሉ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይበራሉ። 1 ላይ ብትለቀው ትንሽ ምት ነው። 4 ላይ አራት ጊዜ ይመታል። 8 ድረስ ከጠበቅክ ከባዱን ትለቃለህ። እሱ ሲቆጥር አንተ ሌላውን ማዘዝ አትችልም። ጠላት ግን አይጠብቅህም፤ ይመታሃል። አስጨናቂ ነው። እሷ ግን ይህ ሰው ማን ነው? ብላ ጠየቀች። ሳያን የዶማ መንግሥት ታማኝ አገልጋይ ነው። የጌሙ ዋና ጠላት ኬፍካ ወንዙን መርዞ ቤተ መንግሥቱን ፈጀው። ሳያን ሮጦ ሲገባ ንጉሡን አጥቷል። ክፍሉ ሲደርስ ሚስቱንና ልጁን አጥቷል። ከዚያ የሙታን ባቡር ላይ ይሳፈራል። ሲወርድ ሚስቱና ልጁ ሲሳፈሩ ያያቸዋል። ባቡሩን ተከትሎ በመድረኩ ላይ ይሮጣል። አይደርስባቸውም።

በጌሙ መሀል ኬፍካ ዓለምን ካፈረሰ በኋላ ሳያንን የምናገኘው ዞዞ ተራራ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ነው። ማራንዳ ከተማ ላለች አንዲት ልጅ ደብዳቤ ይጽፋል። የልጅቷ ጓደኛ ሞቷል፤ እሷ ግን አታውቅም። ሳያን በሟቹ ስም በእርግብ ደብዳቤና ከሐር የሠራውን አበባ ይልክላታል። ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ነው አለች ቁጥር 10። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ቶሎ በል አይባልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለችው ነው ቁጭ ያደረገኝ። በዚያ በፈረሰው ዓለም ሳያንን ይዘህ ወደ ዶማ ተመልሰህ ብታድር፣ ሕልሙ ውስጥ ትገባለህ። እዚያ ያለውን ቦስ ካሸነፍክ ሚስቱና ልጁ ይታዩታል፤ ራሱን መውቀሱን እንዲተው ይነግሩታል። ሲነቃ የቀሩትን የሰይፍ ስልቶች በሙሉ አውቋቸዋል። ሌቭል ሳይጨምር፣ በአንድ ሌሊት፣ 8ቱም በእጁ ናቸው። ጌሙ ይህን በንግግር ሊነግረን ይችል ነበር። በሜኑ ነገረን። ስለዚህ ቁጥሮቹንና ሰውዬውን ለይቼ ማየት አልችልም ብላ ጨረሰች።

መልሷን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስሌቴ ውስጥ የሳያን ቆጠራ አልነበረም። የቁጥር 4 ጣትም አልነበረም።

ቁጥር 11 ከእሷ ቀጥሎ ስለ ሴሊስ አነሳ። ሴሊስ የኢምፓየሩ፣ ማለትም የጠላት መንግሥት፣ ጄኔራል ነበረች። ስልቷ ሩኒክ ይባላል። ሰይፏን ታነሳለች፣ የሚመጣውን አስማት ትመጠዋለች። የጠላትን ብቻ መሰላችሁ? የጓደኞቿንም ይመጣል። በልጅነቷ አስማት የተከተተባት፣ ከየትኛውም ወገን ያልሆነች ሴት ይህን ስልት መያዟ ትክክል ነው አለ። ሆኖም ቅሬታ አለው። ከጌሙ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ከባድ አስማት በሩኒክ አይመጠጥም። ጌሙ ጥሩ ሐሳብ ጀምሮ ተወው አለ። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር ነው።

ሴሊስ ስትነሳ ደሴቷ መነሳቷ አልቀረም። ኬፍካ ዓለምን ካፈረሰ በኋላ ሴሊስ ዓመት ሙሉ ተኝታ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ትነቃለች። ከእሷ በቀር የቀረው ሳይንቲስቱ ሲድ ነው፤ ታሟል። ባሕር ዳር ወርደህ በእጅህ ዓሣ ትይዝለታለህ። ቁጥር 12 ሲድ መሞቱ ስለማይቀር ምን አስለፋን አለ። ክሩ ነደደ። ቁጥር 13 ሲድ ይድናል ብሎ ጮኸ። ቀርፋፋው ዓሣ የታመመ ነው፤ ይጎዳዋል። ፈጣኑን ብቻ ይዘህ ቶሎ ቶሎ ካበላኸው ይነሳል። ቁጥር 12 ለ20 ዓመት ያህል አያውቅም ነበር። እኔም ስጀምር አላወቅኩም፤ የቀረበኝን ዓሣ ሁሉ ነበር የማጎርሰው።

እዚህ ላይ ጋሼ ተመልሰው ገቡ፤ ቁጥር 14። መሞቱ ይሻላል አሉ። ሲድ ከሞተ ሴሊስ ከገደል ላይ ራሷን ትወረውራለች። ትተርፋለች። ባሕር ዳር ስትነቃ የተጎዳ ወፍ አጠገቧ አለ፤ ቁስሉ የታሰረው ሎክ በሚያስረው ጨርቅ ነው። ለመኖር የምትነሳው ያን ጨርቅ አይታ ነው። ሲድን ያዳነ ተጫዋች ይህን አያይም። ቁጥር 13 ጋሼን እንደ ማክበር አድርጎ ግን አልለቀቃቸውም። ማዳን እየተቻለ ለታሪክ ማማር ሲባል ሽማግሌ ይሙት ይባላል ወይ ጋሼ? አላቸው። ጋሼም ልክ ነህ ልጄ፣ እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ያንን ስለሆነ ልቤ እዚያ ቀርቷል አሉ። እኔ በዚህ ነገር ከማንም ጋር መወገን አልቻልኩም።

ቁጥር 15 ስለ ሼዶ፣ ስለ ኒንጃው፣ መጣ። የተንሳፋፊው አህጉር መውጫ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። ዝለል ወይስ ጠብቅ ይልሃል። ጠብቅ ብለህ 5 ሰከንድ እስኪቀር ከታገሥክ ሼዶ ሮጦ ይደርሳል። ከዘለልክ ለዘለዓለም ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ ስለ ቀለበቷ ጻፈ። ሬልም የምትባለው ትንሽ ሠዓሊ የእናቷን ማስታወሻ ቀለበት ይዛ ነው የምትመጣው። ያን ቀለበት ከእሷ ሌላ ማድረግ የሚችለው ሼዶ ብቻ ነው። የሼዶ ውሻም ለማንም አይቀርብም፤ ለእሷ ግን ይቀርባል። ሼዶ አባቷ መሆኑን ማንም በግልጽ አይነግርህም። የዕቃ መምረጫው ዝርዝር ላይ የሼዶ ስም ሲበራ ነው የሚገባህ። ሼዶን ሳይጠብቁ የዘለሉ ብዙ ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንዴት ይቆጩ!

ቁጥር 16 ከርዕስ ወጣ። ኦዲን የሚባለውን ማጂሳይት ራይደን ወደሚባለው መቀየር አለብን ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 17 እንዳትነካው አለው። ፍጥነት የሚጨምረው ማጂሳይት ኦዲን ብቻ ነው፤ ራይደን ካደረግከው የሚጨምረው ጉልበት ነው። ለጌምቦይ በወጣው እትም ግን ሌላ የፍጥነት ማጂሳይት ስለተጨመረ እዚያ ብዙ አያሳስብም። አለቀ።

ቁጥር 18 ጋሼ ናቸው። ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሱት እዚህ ላይ ነው። ልጄ፣ ማጂሳይቱ አያስገድድህም አሉኝ። ሳይፈልጉ ያሸከምካቸው አንተ ነህ። አንድ ጊዜ እንዲህ ተጫወት። ማጂሳይት ለማንም አትስጥ። በተፈጥሯቸው አስማት የሚማሩት ቴራና ሴሊስ ናቸው፤ ሌቭል ሲጨምሩ ይመጣላቸዋል። ለእነሱ ተወው። ሌላው በያዘው ይዋጋ። ያን ጊዜ ኤድጋር ለምን እንደሚያስፈልግህ ታያለህ። አውቶ ክሮስቦው የሚባለው መሣሪያው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሁሉንም ጠላት በአንዴ ይመታል፤ የአስማት ነጥብም አይበላም።

ቁጥር 19 ይህን ሰምቶ ፈነዳ። ጋሼ፣ የኬፍካ አምላኪዎች ግንብ ላይ ምን ልናደርግ ነው? እዚያ ግንብ ውስጥ ከአስማትና ከዕቃ በቀር ሜኑው ላይ ሌላ ነገር የለም። ሳቢን ቡጢ መሰንዘር አይችልም። ሴቭ የሚደረግበት ቦታም የለም። ከላይ ያለው ቦስ ሲሞት እንኳ አልቲማ ለቆብህ ነው የሚሞተው። እሱ ሰዓት ሙሉ ወጥቶ፣ ቦሱን ገድሎ፣ በዚያች መጨረሻ አስማት ቡድኑ በሙሉ አልቆ እንደገና ከታች ጀምሯል። ንዴቱ አሁንም አልበረደለትም። ለካ ጌሙ ራሱ አስማት ተማሩ እያለን ነው አለ። ጋሼም ግንቡ ግዴታ አይደለም ብለው በአንድ መስመር መለሱ። እውነት ነው። ዓለም ከፈረሰ በኋላ የግድ የሚያስፈልጉህ ሴሊስ፣ ኤድጋርና የበራሪዋ መርከብ ባለቤት ሴትዘር ብቻ ናቸው። ሦስቱን ይዘህ ወደ ኬፍካ መሄድ ትችላለህ። ሌላውን ሰው ሁሉ የምትፈልገው ስለፈለግከው ነው። እኔ ግንቡን ከሌላ አቅጣጫ ነው የማየው። ሁሉም ስልቱን የሚያጣበት፣ ሁሉም አንድ የሚሆንበት ብቸኛው ቦታ ለኬፍካ የሚሰግዱ ሰዎች ቤት ነው። ሽማግሌው ስትራጎም ሬልም ሞታለች ብሎ ተስፋ ቆርጦ እዚያ ሲዞር ነው የሚገኘው። በሕይወት መኖሯን ሲያይ ነው የሚወጣው።

ቁጥር 20 እኔ ነኝ። የጋሼን ምክር ይዤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከባድ ነው። ላይፍ ለመሙላት ዕቃ በገፍ እገዛለሁ። ግን ሰዎቹ ተመልሰውልኛል። ማን ከማን ጋር ይሂድ ብዬ እንደገና ማሰብ ጀመርኩ። ከሁሉ ያስገረመኝ ጋው ነው። ጋው ከ200 በላይ አውሬዎችን ጠባይ መያዝ ይችላል። ቬልት በረሃ ላይ ወደ አውሬዎቹ ዘልሎ ይገባል፤ ከውጊያው ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ አዲስ ጠባይ ይዞ ይመለሳል። አንዱን ጠባይ ከመረጥክለት በኋላ አታዘውም፤ በራሱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚተወው ለዚህ ነው። ስትሬይ ካት የምትባለዋን ድመት ጠባይ ግን ያዙና እዩት። ምቱ አራት እጥፍ ነው፤ ያውም ገና ማንም አስማት በማያውቅበት ሰዓት።

ስለ ጋው ያልተነሳ አንድ ነገር ስለነበር እሱንም ጻፍኩ። በጌሙ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ጎጆ ውስጥ አእምሮው የተነካ ሽማግሌ አለ። ሳቢንን ዕቃ ጠጋኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ያ ሰው የጋው አባት ነው። ሚስቱ ስትወልድ ሞተች፤ ሕፃኑን ጭራቅ ነው ብሎ በረሃ ላይ ጣለው። በሁለተኛው አጋማሽ ሳቢንንና ጋውን አብረህ ይዘህ ወደ ጎጆዋ ብትሄድ፣ ጓደኞቹ ጋውን ጂዶር ወስደው ልብስ ያለብሱታል። የማዕድ ሥርዓት ያስተምሩታል። ሁሉም ይህ ይሁን፣ ያ ይሁን እያሉ ሲከራከሩ ያስቃል። ከዚያ አባቱ ፊት ያቆሙታል። አባቱ አያውቀውም። አንድ ጊዜ ጭራቅ ልጅ ወልጄ በሕልሜ አየሁ ብሎ ያወራለታል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች የታደሉ ናቸው ይለዋል። ጋው ወጥቶ ቆመ። በዚያ በተሰባበረ አነጋገሩ፣ አባቱ በሕይወት በመኖሩ ደስ እንዳለው ለሳቢን ነገረው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 21 ያ ቁጥር 6 ነው። ሦስት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። የድሮውን ሴቭ አገኘው። ጋውን ከጣለበት በረሃ ፈልጎ ለማግኘት አንድ ምሽት ፈጀበት። አሁን ሳቢንም ጋውም አብረውት ናቸው፤ ግን መርከቧን ይዞ ዓለሙን ሁለት ጊዜ ዞረና ጎጆዋን አጣት። የት ነው ያለችው? ብሎ ጠየቀ።

ቀድሞ የመለሰለት ቁጥር 8 ነው። ከቬልት ወደ ሰሜን ያዝ፣ ዛፎቹ መሀል ናት፣ ትንሽ ስለሆነች ከላይ አትታይም፣ ወርደህ በእግር ፈልግ አለው።